ከነዳጅ ማደያ እስከ ሴጋ፦ ጌምን በ1 ፓውንድ ከ99 የሸጠው ኩባንያ

እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝ ነዳጅ ለመቅዳት መኪናውን ያቆመ ሰው ሒሳቡን ሊከፍል ወደ ማደያው ሱቅ ሲገባ፣ ከከረሜላውና ከመንገድ ካርታው ጎን ያልለመደውን ሸቀጥ ተደርድሮ ማየት ጀመረ። ሸቀጡ ካሴት ነው። መጠኑም ሆነ ማቀፊያው ከሙዚቃ ካሴት አይለይም፤ ቴፕ ውስጥ ከትቶ ለሚያዳምጠው ግን የሚሰማው ዜማ ሳይሆን ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው። ያ ጩኸት የኮምፒውተር ጨዋታ ነበር። ዋጋው 1 ፓውንድ ከ99 ፔንስ። በዚያ ዘመን በኮምፒውተር መደብሮች የሚሸጡት ጨዋታዎች አብዛኞቹ ከ5 እስከ 10 ፓውንድ ያወጡ ስለነበር፣ ዋጋውን ያየ ሁሉ «ምን ቢያጎድሉበት ነው?» ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ካሴቱን በዚያ መደርደሪያ ላይ ያኖረው ማስተርትሮኒክ የተባለ የለንደን ኩባንያ ነው። ኩባንያው ኮምፒውተር አልሠራም፤ አዲስ ቺፕ አልፈለሰፈም፤ ከሸጣቸው ጨዋታዎች አብዛኞቹን የጻፉትም ከቢሮው ውጭ የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው። አጥርቶ የሚያውቀው ዕቃን ከማምረቻው አንሥቶ ገዢው ዘወትር በሚያልፍበት ደጃፍ ማድረስን ነበር። በዚህ ዕውቀቱ የእንግሊዝን የጌም ገበያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልኩን ለወጠው። ታሪኩን የበለጠ የሚስብ የሚያደርገው ግን ፍጻሜው ነው፤ ርካሹን ካሴት ከገበያ ካስወጡት ባላንጣዎች ዋነኛውን በሀገሪቱ ያከፋፈለው ይኸው ኩባንያ ራሱ ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድምፅ የሆነ ፕሮግራም

ስለ ዋጋው ከመናገር በፊት ስለ ካሴቱ መናገር ይገባል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ ቤቶች የገቡት ትናንሽ ኮምፒውተሮች ሃርድ ዲስክ አልነበራቸውም፤ የፍሎፒ ዲስክ ማንበቢያ መሣሪያም ከኮምፒውተሩ የማይተናነስ ዋጋ ያወጣ ነበር። ክላይቭ ሲንክሌር በኤፕሪል 1982 ለገበያ ያቀረቡት ዜድኤክስ ስፔክትረም የተሰኘው ኮምፒውተር ባለ 16 ኪሎባይቱ በ125 ፓውንድ፣ ባለ 48 ኪሎባይቱ በ175 ፓውንድ ተሽጧል። ለዚህ ዋጋ የበቃው በውስጡ ሊኖር ይችል የነበረ ብዙ ነገር ስለቀረ ነው። ፕሮግራም ማስቀመጫው ለምሳሌ፣ አብዛኛው ቤት አስቀድሞ ያለው ተራ ቴፕ ሪከርደር ነበር።

ካሴት ግን የሚይዘው ድምፅን ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የፕሮግራሙን ዜሮዎችና አንዶች ወደ ድምፅ መለወጥ ነበረበት። በስፔክትረም አሠራር የአንድ «0» ድምፅ 489 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ የአንድ «1» ድምፅ ደግሞ የዚያን እጥፍ፣ 977 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ። ለጆሮ ሲሰማ ዜሮው 2,000 ኸርዝ አካባቢ ያለ ቀጭን ድምፅ፣ አንዱ ደግሞ 1,000 ኸርዝ አካባቢ ያለ ወፈር ያለ ድምፅ ነው። ካሴቱ ሲጫወት ኮምፒውተሩ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በሽቦ የሚመጣለትን ሞገድ እየተከታተለ፣ ሞገዱ ከመነሣት እስከ መውደቅ የወሰደውን ጊዜ ይለካል፤ አጭር ከሆነ 0፣ ረዥም ከሆነ 1 ብሎ ይመዘግባል። ከእያንዳንዱ የመረጃ ክፍል አስቀድሞ ወጥ የሆነ ረዥም ፉጨት ይሰማል፤ ኮምፒውተሩ «መረጃ እየመጣ ነው» የሚለውን የሚያውቀው በዚያ ነው። በክፍሉ መጨረሻ የምትገኘው አንዲት ባይት ደግሞ ከእርሷ በፊት ያለፉት ባይቶች በትክክል መነበባቸውን መቆጣጠሪያ ናት። ስሌቷ ካልገጠመ ኮምፒውተሩ የቴፕ ንባብ ስሕተት መኖሩን በስክሪኑ ላይ ጽፎ ይቆማል።

በዚህ አካሄድ በሰከንድ 1,500 ቢት ገደማ ይነበባል። ባለ 48 ኪሎባይቱን ስፔክትረም የሚሞላ ጨዋታ 4 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። የሌላው ዝነኛ የቤት ኮምፒውተር፣ የኮሞዶር 64፣ ነገር ደግሞ ይብሳል። መሐንዲሶቹ ስሕተትን ፈርተው እያንዳንዱ መረጃ በካሴቱ ላይ ሁለት ጊዜ እንዲጻፍ ስላደረጉ፣ 30 ኪሎባይት የሚመዝን ጨዋታ በፋብሪካው አሠራር ለመጫን 10 ደቂቃ ገደማ ያስጠብቅ ነበር። በዘጠነኛው ደቂቃ ስሕተት ከተፈጠረ ካሴቱ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል። ካሴት በእስክሪብቶ እየጠቀለለ ያደገ አንባቢ ይህን ብስጭት ለመገመት አይቸገርም።

ይህ ሁሉ ዝርዝር ከንግዱ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ጨዋታው ድምፅ ከሆነ ለማባዛት የሚያስፈልገው የሙዚቃ ካሴት የሚያባዛው ፋብሪካ ብቻ ነው፤ ያም ፋብሪካ አስቀድሞ ተተክሎ ሲሠራ የኖረ ነው። በዚያው ልክ፣ ሁለት ካሴት ጎን ለጎን የሚይዝ ቴፕ ያለው ልጅ ሁሉ የጓደኛውን ጨዋታ ቤቱ ቁጭ ብሎ መገልበጥ ይችላል። አምስትራድ የተባለውን ኩባንያ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ በመሸጡ የሙዚቃ ባለመብቶች ከሰውት ጉዳዩ እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ዘልቆ ነበር፤ በ1988 በተሰጠው ፍርድ ማሽኑን መሸጥ ብቻውን የቅጂ መብትን መጣስ አይደለም ተብሎ አምስትራድ ረታ። የጌም አሳታሚዎች በበኩላቸው ሲያማርሩ፣ ሲያስጠነቅቁና መገልበጥን የሚከለክሉ ዘዴዎችን ሲሞክሩ ኖረዋል። ዋጋን በመቀነስ መገልበጡን አድካሚ ብቻ ሳይሆን ትርፍ የለሽ ማድረግ ይቻላል ብለው ያሰቡት ጥቂቶች ናቸው።

ከቪዲዮ ንግድ የመጡ ሰዎች

ማርቲን አልፐር፣ ፍራንክ ኸርማንና አለን ሻራም ከሌሎች አጋሮቻቸው ጋር በ1983 ማስተርትሮኒክን ሲያቋቁሙ ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ ያላቸው ዕውቀት ይህን ያህል የሚወራለት አልነበረም። የመጡት ከቪዲዮ ካሴት ንግድ ነው። የቪዲዮ ንግድ ደግሞ የራሱ ትምህርት አለው። ፊልሙን የሠራው ማንም ይሁን ማን፣ ገንዘቡ የሚገኘው የካሴቱ ሽፋን በየትኛው መደርደሪያ፣ በስንት ሱቅ፣ በማን ዓይን ፊት እንደቆመ ተመዝኖ ነው። ሽፋኑ ካማረና ዋጋው ካላስፈራ ገዢው ብዙ አይመራመርም።

በጊዜው የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሸጠው በመጽሔት ማስታወቂያ አማካይነት በፖስታ ቤት፣ በኮምፒውተር መደብሮችና እንደ ደብሊው ኤች ስሚዝ ባሉ ትልልቅ መደብሮች ነበር። ገዢው ስለ ጨዋታው አንብቦ፣ ገንዘቡን አጠራቅሞ፣ አስቦበት ይገዛል። የማስተርትሮኒክ ሰዎች ይህን ሥርዓት ገለበጡት። ጨዋታው ልጁ ራሱ በኪስ ገንዘቡ የሚገዛው፣ ሳያስብበት የሚያነሣው ዕቃ መሆን አለበት፤ ለዚያም ልጁ በሚውልበት ሁሉ መገኘት አለበት። በኤፕሪል 1984 ሽያጭ ሲጀምሩ ካሴቶቹ ከታወቁት መደብሮች አልፈው በጋዜጣ መሸጫ ሱቆችና በነዳጅ ማደያዎች የተሰቀሉት በዚህ ስሌት ነው። ባለ ሱቁ ስለ ኮምፒውተር ምንም እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ ከረሜላ ለመሸጥ ስለ ስኳር ኬሚስትሪ ማወቅ እንደማያስፈልግ ሁሉ።

ስሌቱ ግን ለስሕተት ቦታ የማይሰጥ ጠባብ ነበር። ከ1 ፓውንድ ከ99 ላይ በጊዜው የነበረው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲነሣ 1 ፓውንድ ከ73 ፔንስ ይቀራል። ከዚህ ላይ ቸርቻሪው ድርሻውን ያነሣል፤ አከፋፋዩም እንዲሁ። ባዶው ካሴት፣ ማባዣው፣ የሽፋኑ ኅትመትና መጓጓዣው ይከፈላል። ለአሳታሚውና ለጨዋታው ጸሐፊ የሚተርፈው በፔንስ የሚቆጠር ነው። እንዲህ ያለ ንግድ የሚያዋጣው ብዛት ሲኖር ብቻ ነው፤ ብዛቱም ቢኖር አንድ የተበላሸ ካሴት ተመልሶ ሲመጣ የበርካታ ካሴቶችን ትርፍ ይዞ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ምሕንድስናው ከሒሳብ መዝገቡ ጋር ይገናኛል። ካሴትን በከፍተኛ ፍጥነት ማባዛት ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሞገዱን ስል ጠርዝ ያደበዝዛል። ሙዚቃ አድማጭ ልብ የማይለው መደብዘዝ ለኮምፒውተር 0ን 1 ሊያስመስለው ይችላል። የልጁ ቴፕ ማንበቢያ ራስ በጥቂቱ ከተዛነፈም ውጤቱ ያው ነው፤ ብዙ ወጣቶች በቀጭን ጠመንጃ መፍቻ የቴፑን ራስ ማቅናት የተማሩት በዚህ ምክንያት ነበር። አሳታሚዎች የመጫኛ ጊዜውን ለማሳጠር ፈጣን የንባብ ፕሮግራሞችን ሲጠቀሙ ደግሞ የእያንዳንዱ ቢት ድምፅ እያጠረ፣ ለስሕተት የሚተወው ትዕግሥትም አብሮ እያነሰ ይሄዳል። ፍጥነት፣ ጥራትና ዋጋ በዚች አነስተኛ የፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ይገፋፉ ነበር።

ኩባንያው ገበያውን ያሰፋበት ሌላም መንገድ አለ። ከስፔክትረምና ከኮሞዶር 64 ሌላ ለአምስትራድ፣ ለአታሪና ለኤምኤስኤክስ ኮምፒውተሮች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ፊታቸውን እያዞሩባቸው ለነበሩት እንደ ቪክ 20 እና ኮሞዶር 16 ላሉት ጭምር ጨዋታ ማቅረቡን ቀጠለ። ወላጆቹ ርካሽ ኮምፒውተር የገዙለት ልጅ አዲስ ጨዋታ የሚያገኘው ከዚህ መደርደሪያ ነበር። ለዚህ ልጅ የማስተርትሮኒክ ዋጋ ምን ትርጉም እንደነበረው በኩባንያው የሽያጭ መዝገብ ብቻ የሚለካ አይመስልም።

የመኝታ ክፍል ደራሲያን

ከእነዚህ ካሴቶች ጀርባ ያሉት ሰዎች ዕድሜ ዛሬ ሲታይ ያስገርማል። ሪቻርድና ዴቪድ ዳርሊንግ የተባሉት ወንድማማቾች ለማስተርትሮኒክ ሲጽፉ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። በ1984 የወጣው ቢኤምኤክስ ሬሰርስ የተባለው የብስክሌት ውድድር የእነርሱ ነው። ቺለር የተሰኘው የ1985 ጨዋታቸው ደግሞ ስሙም ዜማውም የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» ከሚገባው በላይ ያስታውስ ስለነበር የመብቱ ባለቤቶች ተቆጡ፤ ቆየት ብለው የተባዙት ካሴቶች ሌላ ሙዚቃ ይዘው ወጡ። ወንድማማቾቹ በርካሽ ጌም ንግድ ውስጥ ያለውን ትርፍ ከውስጥ ሆነው አይተውት ነበርና በ1986 ኮድማስተርስ የተባለ የራሳቸውን ኩባንያ መሠረቱ፤ ጨዋታቸውንም በዚያው በ1 ፓውንድ ከ99 ይሸጡ ጀመር። ኮድማስተርስ በመኪና ውድድር ጨዋታዎቹ ዓለም አቀፍ ስም አትርፎ በ2021 ለአሜሪካው ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሽጧል።

የዴቪድ ጆንስ ሥራ ደግሞ ርካሽ ማለት ተራ ማለት ነው የሚለውን አስተሳሰብ ለመሞገት ይጠቀሳል። በ1985 በወጣው ፋይንደርስ ኪፐርስ የጀመረው የአስማተኛው ፈረሰኛ ታሪክ በስፔልባውንድ፣ በናይት ታይምና በስቶርምብሪንገር እስከ 1987 ቀጥሏል። በስፔልባውንድ ተጫዋቹ ትእዛዝ በፊደል ከመተየብ ይልቅ በስክሪኑ ላይ ተደራርበው ከሚከፈቱ መስኮቶች ይመርጣል። ማኪንቶሽ ለገበያ ከቀረበ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ የመስኮት አሠራርን ሐሳብ በ48 ኪሎባይት ኮምፒውተር ላይ በኪስ ገንዘብ ዋጋ ማቅረብ ቀላል ሥራ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሾን ሳውዘርን የጻፈው ኪክስታርት የሞተር ብስክሌት ውድድር ደግሞ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ሁለት ሰዎችን በአንድ ጊዜ ያጫውት ነበር፤ ሳውዘርን በኋላ ሎተስ በተባሉት የመኪና ጨዋታዎች ይበልጥ ታውቋል።

ሙዚቀኛውን ሮብ ሃባርድን ሳያነሡ ማለፍም አይቻልም። የኮሞዶር 64 የድምፅ ቺፕ በአንድ ጊዜ ማሰማት የሚችለው ሦስት ድምፆችን ብቻ ነው። ሃባርድ አንዱን ድምፅ በፍጥነት ከኖታ ወደ ኖታ እያዘለሉ ሙሉ ኅብረ ዜማ የሚሰማ እስኪመስል ድረስ ያሠሩት ነበር። ማስተር ኦፍ ማጂክ፣ ዋን ማን ኤንድ ሂዝ ድሮይድ እና ዘ ላስት ቪ8 ለተባሉት የማስተርትሮኒክ ጨዋታዎች የደረሱት ሙዚቃ እስከ ዛሬ በኦርኬስትራ ጭምር የሚወዱት ወገኖች ደጋግመው የሚያዳምጡት ነው። ዘ ላስት ቪ8 መኪናዋን ለመቆጣጠር እጅግ ከማስቸገሩ የተነሣ፣ ካሴቱን የገዙት ሙዚቃውን ለመስማት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እውነቱን ለመናገር በዚያ መደርደሪያ ላይ የነበሩት ሁሉ እንዲህ አልነበሩም። በጥድፊያ የተጻፉ፣ የሌላውን ጨዋታ በግልጽ የሚመስሉ፣ ከሽፋናቸው ሥዕል በቀር የሚታይ ነገር የሌላቸው ብዙዎች ነበሩ። ሁለት ፓውንድ ያልሞላ ገንዘብ የጠፋበት ልጅ ግን ቂም አልያዘም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ዕድሉን ይሞክራል። ኩባንያው የቆመው በዚህ ይቅር ባይነት ላይ ነበር። የቴሌኮሙ ብሪቲሽ ቴሌኮም እንኳ በ1984 ፋየርበርድ የተባለ የጌም አሳታሚ አቋቁሞ ከርካሾቹ ተርታ መሰለፉ ንግዱ የደረሰበትን ያሳያል።

እየተጫወቱ መጠበቅ

ከማስተርትሮኒክ ካሴቶች ጋር ከተያያዙት ፈጠራዎች አንዱ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ጨዋታው እስኪጫን ያለው ረዥም ጥበቃ የሁሉም ተጫዋች ምሬት ነበር። ሪቻርድ አፕሊን የተባለ ፕሮግራም ጸሐፊ በ1987 ገደማ ኢንቬድ ኤ ሎድ የተሰኘ የካሴት ማንበቢያ ፕሮግራም ለኮሞዶር 64 አዘጋጀ። ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ አንዲት ትንሽ የጠፈር ወራሪዎች ጨዋታ ይጭናል፤ ልጁ እርሷን ሲጫወት ዋናው ጨዋታ ከበስተኋላ መጫኑን ይቀጥላል።

እንዴት? ምሥጢሩ ኮሞዶር 64 ከካሴቱ ጋር በሚገናኝበት ሽቦ ላይ ነው። ከካሴቱ የሚመጣው እያንዳንዱ ምት የግቤትና ውጤት መቆጣጠሪያውን ቺፕ አንድ እግር ይነካል፤ ቺፑም ዋናውን ፕሮሰሰር «አንዴ አቋርጥ» ብሎ ይጠራዋል። ፕሮሰሰሩ ሥራውን ለአፍታ ትቶ ያለፈውን ጊዜ ያነባል፤ ቢቱ 0 ይሁን 1 ይመዘግብና ወደ ተወው ሥራ ይመለሳል። የሚቀረው ጊዜ ለትንሿ ጨዋታ በቂ ነው። ስፔክትረም ይህን የመሰለ ጠሪ ስላልነበረው፣ ፕሮሰሰሩ የካሴቱን ጫፍ ያለማቋረጥ እየተመለከተ መጠበቅ ነበረበት፤ እንዲህ ያለውን ነገር በእርሱ ላይ ለመሥራት የሚጠይቀው ጥንቃቄ እጅግ የበረታ ነው።

ከዓመታት በኋላ የጃፓኑ ናምኮ ዋናው ጨዋታ እስኪጫን ሌላ ትንሽ ጨዋታ ስለማጫወት በ1995 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ጠይቆ በ1998 አገኘ። መብቱ እስከ 2015 ጸንቶ ቆይቷል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሌሎች አሳታሚዎች የመጫኛ ስክሪናቸውን ባዶ መተዋቸውን የሚያስታውሱ ሰዎች፣ በአንድ ፓውንድ ከ99 ካሴት ላይ የነበረችውን የጠፈር ወራሪዎች ጨዋታ እየጠቀሱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ባላንጣን በእጅ ማስገባት

በ1987 ማስተርትሮኒክ ያበጠ ኩባንያ ነበር። ሆቢት በተሰኘው ጨዋታው የታወቀውን ሜልበርን ሐውስን ገዛ። ሪኮሼ በተባለ መለያ ሌሎች አሳታሚዎች አስቀድመው በሙሉ ዋጋ የሸጧቸውን ጨዋታዎች በርካሽ ያወጣ ጀመር። አርኬድያ በሚል ስምም በአሚጋ ኮምፒውተር ላይ የተመሠረቱ፣ በሳንቲም የሚሠሩ የጨዋታ ማሽኖችን ለመጠጥ ቤቶችና ለመዝናኛ አዳራሾች ለማቅረብ ተነሣ። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ አልያዘም። የአዳራሽ ማሽን ለዚያው ሥራ ተብሎ የተሠራ ኃይለኛ መሣሪያ ነው፤ የቤት ኮምፒውተርን በሳጥን ውስጥ አስገብቶ ከእርሱ ጋር ማፎካከር ከባድ ነበር፤ ገንዘቡም እዚያው ቀረ። በዚያው ዓመት የሪቻርድ ብራንሰን ቨርጂን ግሩፕ የማስተርትሮኒክን 45 በመቶ ድርሻ ገዛ፤ በ1988 ቀሪውን ጠቅልሎ ከራሱ የጌም ክፍል ጋር ሲያዋሕደው ስሙ ቨርጂን ማስተርትሮኒክ ሆነ።

ዕጣ ፈንታውን የወሰነው ውል ግን ሌላ ነው። ማስተርትሮኒክ በ1987 የጃፓኑን ሴጋ ማስተር ሲስተም የተባለ የጨዋታ ማሽን በብሪታንያ የማከፋፈል መብት ያዘ። ይህ ማሽን ከስፔክትረም ጋር ሲነጻጸር አንድ አስደናቂ ነገር ይታያል፤ የሁለቱም ዋና ፕሮሰሰር ያው ዜድ80 ነው፤ ፍጥነታቸውም በሰከንድ 3.5 ሚሊዮን ምት አካባቢ ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ ያለው በዙሪያው ነው። ሴጋ ሥዕሎችን የሚያንቀሳቅስና ዳራውን የሚያሽከረክር ራሱን የቻለ የምስል ቺፕ አለው፤ በስፔክትረም ይህን ሁሉ የሚሸከመው ፕሮሰሰሩ ብቻውን ነው። ከዚህ ይልቅ የሚበልጠው ካርትሬጁ ነበር። የሴጋ ጨዋታ የተጻፈው በማይጠፋ ቺፕ ላይ ነው፤ ካርትሬጁ ሲሰካ ቺፑ ከፕሮሰሰሩ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ፉጨት የለም፤ ጥበቃ የለም፤ ስሕተት ብሎ ነገር የለም። ማሽኑ ሲከፈት ጨዋታው ይጀምራል።

ካርትሬጅ የራሱ ዋጋ ነበረው። ቺፑ በፋብሪካ የሚቀረጸው አስቀድሞ በብዛት ታዝዞ ነው፤ ሽያጩ ካላማረ የቀረው ዕቃ እንደ ካሴት ተጠርጎ ሌላ አይቀዳበትም። ልጆች ቤታቸው ሊገለብጡትም አይችሉም። ስለዚህ ሴጋ የአንዱን ጨዋታ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከካሴቱ አሥር እጥፍ በላይ አድርጎ መሸጥ ችሏል። በኪስ ገንዘብ የሚገዛው ጌም እዚህ ዓለም ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ የሒሳቡ መሠረት፣ ማለትም ርካሹ ካሴትና የሙዚቃ ማባዣ ፋብሪካው፣ ከሥሩ ተነሥቷልና።

ቢሆንም የሴጋን ማሽን ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ያደረሰው ካሴቱን ያደረሰው ያው የማከፋፈል ዕውቀት ነው። በአሜሪካ ኒንቴንዶ ገበያውን በአብዛኛው በያዘበት ዘመን በብሪታንያ ሴጋ ቀዳሚ ሆነ። ሜጋ ድራይቭ በ1990 በቨርጂን ማስተርትሮኒክ በኩል ሲገባ ልዩነቱ ይበልጥ ሰፋ። ለካሴቱ መዳከም ሴጋን ብቻ መክሰስ ፍትሐዊ አይሆንም፤ በእነዚያው ዓመታት የኮምፒውተር መጽሔቶች በየወሩ በሽፋናቸው ላይ ጨዋታ የሞላበት ካሴት በነጻ ማደል ጀምረው ነበር፤ ከነጻ ጋር ደግሞ 1 ፓውንድ ከ99 እንኳ ሊወዳደር አይችልም። ያም ሆኖ አንድ ኩባንያ የተካነበትን ንግድ የሚያበቃውን ዕቃ በዚያው ንግድ መረብ እያጓጓዘ ማድረሱ በኢንዱስትሪው ታሪክ ዘወትር የሚያጋጥም ነገር አይደለም።

በ1991 ሴጋ የማከፋፈሉን ክፍል ገዝቶ የሴጋ አውሮፓን መሠረት ጣለበት። ኸርማን ወደ አዲሱ ድርጅት ኃላፊነት ተሻገሩ። የማሳተሙ ክፍል ከቨርጂን ጋር ቀርቶ ቨርጂን ኢንተራክቲቭ ተባለ፤ አልፐር በካሊፎርኒያ ሆነው የመሩት ይህ ኩባንያ በ1993 ዘ ሰቨንዝ ጌስት የተባለውን፣ በሲዲ ሮም ላይ የወጣውን ዝነኛ ጨዋታ አሳተመ። ማስተርትሮኒክ የሚለው ስም ግን ከመደርደሪያው ወረደ።

ስሙ አንድ ጊዜ ተነሥቷል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኸርማንና አንዲ ፔይን መልሰው ያቆሙት ማስተርትሮኒክ በዲስክ የሚሸጡ ርካሽ የፒሲ ጨዋታዎችን በየሱቁ ያከፋፍል ነበር። በሴፕቴምበር 2003 ሥራ የጀመረው ስቲም የተባለው የኢንተርኔት መደብር እያደገ ሲሄድ ቅናሽ ለመስጠት መደርደሪያም፣ ዲስክም፣ መኪናም አላስፈለገም። ኸርማን በ2009 አረፉ፤ ኩባንያው በ2015 ተዘጋ።

የካሴቶቹ ነገር ግን አላበቃም። የማግኔት ሽፋናቸው በየዓመቱ እየላላ ስለሚሄድ ፈቃደኛ ሰብሳቢዎች ሲቀዷቸው ኖረዋል። የሚጠቀሙባቸው የፋይል ዓይነቶች የፕሮግራሙን ባይቶች ብቻ ሳይሆን ከካሴቱ የሚወጣውን የእያንዳንዱን ምት ርዝመት ይመዘግባሉ፤ የአፕሊንን የመሰሉ ለየት ያሉ ማንበቢያዎች እንደ ጥንቱ የሚሠሩት በዚህ ብቻ ነው። ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱ አንድ የስልክ ፎቶግራፍ ከሚይዘው ቦታ እጅግ ያነሰ ነው። ድሮውን በሚያስመስሉት ፕሮግራሞች ላይ የመጫኛ ጊዜውን ወደ ጥቂት ሰከንድ የሚያሳጥር ቁልፍ አለ፤ እርሱን ሳይነኩ ፉጨቱን እስከ መጨረሻው የሚሰሙም አሉ።